ቢጫ ጀሪካን ይዘን ዝናብ ፍለጋ

የካልጋሪ ሰው ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርደው ፀሐይ ሊሞቅ ነው። እኛ የወረድነው ዝናብ እንዲመታን ነው። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ለአራት ሰው የዝናብ ልብስ ገዝቼ ሄጃለሁ። ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሊሆነን ነው። የሥራ ባልደረቦቼ "ቫኬሽን እንዴት ነበር?" ሲሉኝ "ጥሩ ነበር" ብዬ አልፋለሁ፣ ሁሉን ልተርክላቸው ብል የሻይ ሰዓቱ አይበቃኝም። ያንን አገር ሄዶ ለማያየው ሰው እንዲሆን ነው እዚህ ያሰፈርኩት።

አስቀድሜ ማን ከማን ጋር እንደሄደ ልናገር። እኔ ኤልያስ እባላለሁ፣ ዳውንታውን ካሉት ፎቆች ውስጥ ሊፍት እጠግናለሁ። ባለቤቴ ትዕግስት የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ልጃችን ሊያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አራተኛዋ ተጓዥ አማቴ እትዬ አስካለ ናቸው። ከደብረ ብርሃን በግንቦት መጥተው ክረምቱን ሬድስቶን ሰፈር ካለው ቤታችን ከረሙ፣ ለመስቀል ደግሞ ይመለሳሉ። አማቴ አንድም ጾም የማያልፋቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። እኔ ጴንጤ ነኝ። ለሠርጋችን አልመጡም፣ እሱን ግን ጊዜ ያስረሳው ነበር። ያልተረሳው ሌላ ነው።

ሊያ በአራት ዓመቷ ኩላሊቷን ታመመች። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛን። አማቴ ያኔ ቪዛ ተከልክለው መምጣት ስላልቻሉ በሰው እጅ በትንሽ ጠርሙስ ጠበል ላኩ። ጠርሙሱን ተቀበልኩና ሆስፒታሉ ውስጥ መታጠቢያው ላይ ደፋሁት። ትዕግስት ለምን እንደደፋሁት ስትጠይቀኝ "የምትጠጣው በልክ ነው፣ ዶክተሩ ከልክሏል" አልኳት። እሷም ለእናቷ ነገረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ በቀጥታ አንድ ቃል ነግረውኝ አያውቁም። ቤቴ ተቀምጠው እንኳ የሚፈልጉትን በሊያ በኩል ነው የሚልኩት።

"ለአባትሽ ንገሪው፣ በሩን ቀስ አድርጎ ይዝጋው።"

"ዳድ፣ እማማ ዶሩን ስሎውሊ ዝጋ እያለች ነው።"

"እሺ በያቸው።"

ይህን ሁሉ የምንባባለው ሦስታችንም አንድ ሳሎን ውስጥ፣ ክንድ ለክንድ በምንነካካበት ርቀት ቆመን ነው። አራት ወር እንዲህ ኖርን።

ሊያ ዳነች፣ ተመስገን። አማቴ ግን ስለት ነበረባቸው። ትዕግስት እንደነገረችኝ "ልጅቱን ካዳንክልኝ በዝናብህ ትታጠባለች" ብለው ለቅዱስ ሩፋኤል ተስለዋል። ጳጉሜ ሦስት ቀን የሚወርደው ዝናብ በእነሱ ዘንድ የተባረከ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ የጎረቤት ልጆች በዕለቱ ራቁታቸውን ወጥተው ሲቦርቁበት፣ እናቶቻቸው ባልዲ ደጅ ላይ ሲደረድሩ አይ ነበር፤ እናቴ ስለማትፈቅድልኝ በመስኮት እየቀናሁ ነው ያደግሁት። ችግሩ ካልጋሪ በጳጉሜ አይዘንብም። አንድ ዓመት ሰማዩ የጫካ እሳት ጭስ ነበር፤ አንድ ዓመት ደግሞ ጭራሽ በረዶ ጣለ። ዘንድሮ አማቴ ለትዕግስት ኩሽና ውስጥ "ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ተመልሼ የምመጣ አይመስለኝም። ስለቴን ሳላስገባ ልሞት ነው" ሲሏት ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ካናዳ ውስጥ እጅግ የሚዘንብበት ቦታ የት እንደሆነ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ቫንኩቨር ደሴት ላይ፣ ተራራና ጫካ ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኙበት፣ ፓሲፊክ ሪም የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አገኘሁ። ይቅርታ መጠየቅ አልሆነልኝም፣ መንዳት ግን እችላለሁ። ጳጉሜም አምስት ቀን ናት፤ ሁለቱን ለመሄጃ፣ አንዱን ለሩፋኤል፣ ሁለቱን ለመመለሻ አደረግሁና ሺፍቴን አስለወጥሁ።

ጳጉሜ አንድ

የወጣነው ጎረቤት ሳይነሳ ነው። ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር ከሚኖር ጓደኛዬ የተዋስኩትን የመኪና ጣሪያ ሳጥን ጭኜ ስጨርስ አማቴ አንዲት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ብቅ አሉ። የዘይት የነበረች፣ አምስት ሊትር የምትይዝ፣ ከደብረ ብርሃን በሻንጣ የመጣች ናት። ተቀብዬ ከኋላ ላስቀምጣት እጄን ዘረጋሁ።

"ለአባትሽ ንገሪው፣ ይቺ ከእኔ አትለይም" አሉ ለሊያ።

እግራቸው ሥር አስቀመጧት፣ አምስቱን ቀንም እዚያው ሆና ተጓዘች። ከእሷ አጠገብ የስንቅ ዘንቢል ነበረ፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ድፎ ዳቦ። የጳጉሜን አምስት ቀን በፈቃዳቸው ስለሚጾሙ የመንገድ ምግብ አያምኑም።

እኛ ካልጋሪዎች ተራራውን ሥራ ስንሄድ ከሩቅ እያየነው እንኖራለን እንጂ ብዙም አንገባበትም። ያን ቀን በመሃሉ ገባን። ባንፍን፣ ሌክ ሉዊዝን፣ ጎልደንን አለፍን። ትዕግስት ፎቶ ታነሳለች፣ ሊያ ድብ ትፈልጋለች። አማቴ "ይሄ ሁሉ አገር፣ አንድ ጎጆ የለበትም?" አሉ በሐዘኔታ። ሮጀርስ ፓስ ስንደርስ መንገዱ ለበረዶ ናዳ መከላከያ የተሠሩ የሲሚንቶ ዋሻዎች ውስጥ ያስገባል። አማቴ ቀና ብለው ተቀመጡ።

"ጣርማ በር!" አሉ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ያለውን ዋሻ ነው የሚያውቁት። "ለአባትሽ ንገሪው፣ ዋሻ ሲገባ ሹፌር ጥሩምባ ይነፋል።"

ሊያ ተረጎመች። እዚህ አገር ያለ ምክንያት ጥሩምባ መንፋት ነውር ነው፣ ሰው ይሰድብሃል። ነፋሁት። ሊያ በደስታ ጮኸች፣ አማቴም በመስታወት ሳያቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። በቀሩት ዋሻዎች ሁሉ ነፋሁ።

እዚያ አካባቢ የሰዓት ክልሉ ስለሚለወጥ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ይተርፈዋል። ትዕግስት ይህንና ስንመለስ እንደሚወሰድብን ስታስረዳቸው አማቴ "የተሰጠ ሲመለስ ያሳዝናል" ብለው ወደ መስኮታቸው ዞሩ።

ያደርነው ካምሉፕስ ነው። ኮረብታው ቡናማ፣ አየሩ ደረቅና ሞቃት ነው፤ የእኛን ካልጋሪ ለምለም ያሰኛል። እራት ላይ ለአማቴ የአትክልት በርገር አዘዝኩና አይብ ተለጥፎበት መጣ። ስለ አይብ መናገሩን ዘንግቼዋለሁ። እሳቸው ሰሃኑን በአንድ ጣት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት፣ ሊያም መተርጎም አላስፈለጋትም። አስተናጋጇ ነገሩ ሲገባት "ሴት አያቴም በጾም ጊዜ እንዲህ ነበረች" ብላ ዩክሬናዊ መሆኗን ነገረችን፤ በዘይት ብቻ የተሠራ ድንችና ባቄላ ራሷ አብስላ አመጣች። አማቴ ቀሚሷን ያዝ አድርገው በአማርኛ መረቋት። ልጅቷ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

ሳልናገር የያዝኩት አንድ ነገር ነበረ። በቀን ቅድስና አላምንም፣ በስልኬ የአየር ትንበያ ግን አምናለሁ። ስልኬ ደግሞ ለጳጉሜ ሦስት ክብ ፀሐይ አሳይቶኛል።

ጳጉሜ ሁለት

ከካምሉፕስ እስከ ባሕሩ ቁልቁለት ነው። እየወረድን ስንሄድ ዛፉ እየረዘመ፣ አየሩ እየረጠበ መጣ፤ ክረምት ከበጋ የሚሰነጠቀው ከንፈሬ እንኳ ለሰለሰ። ሰማዩ ግን እንደ ተወለወለ ሰሃን ነው።

ወደ ደሴቱ የሚያሻግረው መርከብ ወደብ መግቢያ ላይ ያለው ሠራተኛ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ የኋላውን ወንበር ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ለካ እዚህ አገር ቢጫ ጀሪካን የናፍጣ ነው።

"ያ የያዙት ነዳጅ ነው?"

"አይደለም፣ ባዶ ነው።"

"ለምን ይዛችሁታል?"

ምን ልበል? "ለዝናብ" አልኩት።

"ከየት ነው የመጣችሁት?"

"ከካልጋሪ።"

"ከካልጋሪ ድረስ ዝናብ ልትቀዱ?" ጀሪካኗን ከፍተን እንድናሳየው ጠየቀ። አማቴ ነገሩ ሳይገባቸው ክዳኗን ከፍተው አፍንጫው ሥር አቀረቡለት። አሸተተና ሳቀ፤ "ከዚያ ማዶ ያለው ሰው ዝናቡን በደስታ ይሰጣችኋል" ብሎ አሳለፈን። ከኋላችን የተሰለፉት መኪናዎች ሁሉ ያዩን ነበር፣ ትዕግስት ወንበሯ ውስጥ ሰምጣ ነው የገባችው።

መርከቡ ላይ ወጥተን ትልቅ መስኮት አጠገብ ተቀመጥን። አማቴ በሶአቸውን በጥብጠው ጠጡ፣ ጥቂት ጸለዩና "ሊያ፣ ጠይቂው እስቲ፣ መቼ ነው የሚነሳው?" አሉ። ግማሽ መንገድ አልፈናል። ይህን ሲሰሙ ወደ መስኮቱ ዞረው ውኃው ሲሄድ አዩና አማተቡ። ጣና ላይ በጀልባ ሲሄዱ ሆዳቸው የታወከውን ለትዕግስት እየተረኩ ቀሪውን መንገድ ጨረሱት።

ከመርከቡ ከወረድንባት ከናናይሞ በኋላ ያለው የሦስት ሰዓት መንገድ ጠምዛዛ ነው። በዘመናት ያረጁ ዛፎች ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ከግንዳቸው ውፍረት የተነሳ አራታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን አንዱን ማቀፍ አቃተን። ዩክሉሌት የምትባለው ትንሽ ከተማ መግቢያ ላይ ሰው ከማዕበል ሲሸሽ የሚያሳይ ሰማያዊ ምልክት ተተክሏል። አማቴ ምንነቱን አስጠየቁኝ። ባሕሩ ከተነሳ ወደ ከፍታ ሩጡ ማለት እንደሆነ አስተረጎምኩላቸው። "ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው በይው፣ የት ልሩጥ?" አሉ።

ማረፊያችን የዶሪን ቤት ነበር። ዶሪን ዓሣ ፋብሪካ ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ጸጉሯ ነጭ፣ ድምፅዋ ወፍራም ሴትዮ ናት፤ ሁለት ክፍል ታከራያለች። በረንዳ ላይ ሆና ተቀበለችንና ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

"ዕድለኞች ናችሁ! ነገ ሙሉ ቀን ፀሐይ ነው!"

አማቴ ቃሉ ባይገባቸውም ፊታችንን አይተው ገባቸው። ሊያ ልጅ አይደለች፣ ፍርጥ አደረገችው፤ "በት ዊ ኬም ፎር ዘ ሬይን።" እኛ የመጣነው ለዝናቡ ነው ማለቷ ነው።

ዶሪን መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ኋላ አማቴን አየችና ሳቋን ዋጠች። "ንገሩኝ" አለች። እኔ፣ በሕይወቴ ስለ ሩፋኤል ለማንም ተናግሬ የማላውቀው ሰውዬ፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ ልጄ ሕመምና ስለ ስለቱ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ። ስለ ጠርሙሱ ግን አልተናገርኩም። ዶሪን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። "በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንግዳ ሁሉ ዝናቡን ሲረግም ነው የኖረው" አለች፣ "ዝናብ የጠየቃችሁኝ የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ።"

ጓሮዋ ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውኃ የሞላበት በርሜል አላት፤ የፈለጋችሁትን ያህል ቅዱ አለችን። ልቤ በደስታ ዘለለ። አማቴ በርሜሉን በአክብሮት ዞር ብለው አዩትና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"እግዜር ይስጥልን በያት። ይሄ ግን የሌላ ቀን ዝናብ ነው።"

ዶሪን አልተቀየመችም። ቤት ገብታ በጭስ ያደረቀችውን ሳልሞን ዓሣ አመጣች፤ ጾም ነው ስንል መለሰችው። እንደገና ሄዳ ከጓሮዋ ድንች ነቅላ ቀቀለችልን። ስንበላ ቆይታ ድንገት "ነገ በጣም በጠዋት መነሳት ትችላላችሁ?" አለች። ጉም ከባሕር ሲገባ ፀሐይ እስክትበትነው ድረስ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ይንጠባጠባል አለች፤ ልጅ ሳለች እናቷ ትወስዳት ነበር፣ ነገር ግን ጉም ለመኖሩ ቃል አልገባችም። ሰሃን ላጥብ ብዬ ተነሳሁ። እያጠብኩ ሳለ ራሴን ስጸልይ አገኘሁት። "ጌታ ሆይ፣ የማላምንበትን ነገር እባክህ አድርግልኝ" ነበር ያልኩት።

ጳጉሜ ሦስት

በሩን ያንኳኳችው ዶሪን ናት። አራት ጥንድ የጎማ ቦት ታቅፋ ቆማለች። ከትከሻዋ በላይ የጎረቤቷ ቤት አይታይም፣ ዓለሙ ሁሉ ነጭ ጉም ሆኗል።

ዶሪንን ቤቷ ትተን፣ ፓርኩ ውስጥ የዝናብ ጫካ ወደሚባለው የእግር መንገድ በአሥራ አምስት ደቂቃ ደረስን። ፓርክ ያደረግነው እኛ ብቻ ነን። ከመኪና ወጥቼ መዳፌን ዘረጋሁ፣ አንዲት ጠብታ የለም። መንገዱ መሬት እንዳይረገጥ ከፍ ብሎ የተሠራ የእንጨት ድልድይ ነው። ሊያ "ልክ እንደ ፕላስ ፊፍቲን!" አለች። ዳውንታውን ፎቁን ከፎቅ የሚያገናኙትን የመስታወት መተላለፊያዎች ማለቷ ነው፤ እዚያ ስሠራ ክረምት ከበጋ ውኃ ሳይነካኝ እውላለሁ። ይህኛው ጣሪያ የለውም።

ጥቂት እንደ ተራመድን ድምፅ ሰማሁ። የዝናብ ልብሴ ቆብ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከዚያ ዙሪያችንን ያዘው። ጫካው በሙሉ እየተንጠባጠበ ነው። ከግዙፎቹ ዛፎች ላይ እንደ ጺም የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ውኃ ይቋጥርና ይለቀዋል። አማቴ ቆሙ። ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈፍ አድርገው ቀና ሲሉ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈች። ሊያን ሳብ አደረጓት።

"አባትሽን ጠይቂው። ይሄ ዝናብ ነው?"

ትዕግስት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። "አዎ" ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቃል ነች፤ ስለቱ ይገባል፣ መንገዱ ያልቃል፣ ሁላችንም ደስ ብሎን እንመለሳለን። ነገር ግን እሳቸውን ያስቀየምኩበትን ነገር በውሸት ነበር የሸፈንኩት፣ እዚህ ድረስ መጥቼ ልደግመው አልቻልኩም።

"ዝናብ አይደለም በያቸው" አልኩ። "ጉም ነው። ከባሕር ይመጣል፣ ዛፉ በቅጠሉ ይይዘዋል፣ ውኃ ሆኖ ይወርዳል።"

ሊያ በተሰባበረ አማርኛዋ ተረጎመች፤ "ዛፉ ጉሙን... ካች ያደርገዋል፣ ከዛ ውኃ ይሆናል።" አማቴ ዛፉን ከሥሩ ጀምረው ጉሙ እስከሚውጠው ድረስ አዩት።

"ጉሙን ማን አመጣው?" አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። "ዛሬ ጠዋትስ ለምን መጣ?" ከዚያ ወደ ሊያ ዞር ብለው፣ "ለአባትሽ ንገሪው፣ እውነቱን ስለነገረኝ እግዜር ይስጠው" አሉና የጀሪካኗን ክዳን መፍታት ጀመሩ።

አሁን ሥራው መጣ። የጀሪካን አፍ ጠባብ ነው፤ ጠብታው ሁሉ ጎኗ ላይ እያረፈ ይንሸራተታል። ያኔ እነዚያ አራት የዝናብ ልብሶች ለቁም ነገር ዋሉ። ሁላችንም አወለቅናቸው። ድልድዩ መደገፊያ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ወጥሬ፣ ከመኪናዬ የማይጠፋውን የኤሌክትሪክ ቴፕ አምጥቼ አያያዝኳቸውና መሃላቸውን አርግቤ ወደ ጀሪካኗ አፍ አዘቀዘቅኋቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ሊፍት ስጠግን እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ ትዝ አይለኝም። አንድ ባልና ሚስት ተጓዦች መጡና ምን እየጠገንን እንደሆነ ጠየቁ። ትዕግስት ነገረቻቸው። እንዲሁ አልፈው መሄድ ይችሉ ነበር፣ እነሱ ግን ልብሱን ከአንድ ወገን ይዘውልን ቆሙ።

አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን። ሊያ በቲሸርት ሆና ከአንዱ ዛፍ ሥር ወደ ሌላው እየሮጠች አፏን ከፍታ ጠብታ ትቀልባለች፤ ጸጉሯ ራሰ፣ ጥርሷ ተንገጫገጨ፣ "ኢትስ ሶ ኮልድ!" እያለች ትስቃለች። ሆስፒታል ሳለች የምትጠጣውን በማንኪያ እየለካን የሰጠናት ልጅ ናት። ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ።

ጉሙ መሳሳት ሲጀምር ጀሪካኗ ውስጥ ያለው ሁለት ብርጭቆ ቢሆን ነው። አማቴ አነሷት፣ ወዘወዟት፣ ድምፁን ሰሙ። ሊያን ጠርተው ፊት ለፊታቸው አቆሟት። እሳቸው ሊያፈሱላት ነው ብዬ ፎቶ ለማንሳት ስልኬን አወጣሁ። እሳቸው ግን ጀሪካኗን ወደ እኔ ዘረጓት።

"እንካ" አሉኝ። "አንተ አፍስስላት።"

በአምስት ዓመት ውስጥ በቀጥታ የነገሩኝ የመጀመሪያው ቃል ነው። እጃቸው ደክሞ መሰለኝ። ስልኩን ለትዕግስት ሰጥቼ ተቀበልኩ። ሊያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ግማሹን ቀስ እያደረግሁ አናቷ ላይ አፈሰስኩ፣ በጆሮዋ፣ በአንገቷ፣ በጀርባዋ ወረደ። አማቴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ስጨርስ ክዳኗን ገጠሙ፣ እንግዶቹን ሰዎች መረቁ፣ ወደ መኪናው መንገድ ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ወጣ። ሎንግ ቢች የሚባለው ዳርቻ እስከ ዓይን ማድረሻ አሸዋ ነው፣ ከኋላው ተራራው ሰንሰለት ሆኖ ይታያል። ሰው ሁሉ የሚመጣው ይህን ሊያይ ነው፣ እውነትም ያምራል። አማቴ ጫማቸውን አውልቀው ውኃውን በጣታቸው ነክተው ጨውነቱን ቀመሱና፣ "ይሄ ሁሉ ውኃ፣ ለሊጥ እንኳ አይሆን" ብለው ግንድ ላይ ተቀመጡ።

ጳጉሜ አራት

ስንለያይ ዶሪን ከጓሮዋ ድንች በከረጢት ሰጠችን። አማቴ አንገታቸው ላይ ከነበሩት ሁለት ነጠላዎች አንዱን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ አፌን ስከፍት ዶሪን "ገብቶኛል" አለችኝ።

መርከቡን ተሻግረን ሽቅብ ወደ ተራራው ስንጀምር ሰማዩ ተቀደደ። መጥረጊያው እስከ መጨረሻው ፍጥነት እየሠራ መንገዱ አይታይም ነበር። አማቴ መስኮታቸውን እየዘጉ፣ "ትናንት የት ነበርክ?" አሉት ዝናቡን። ትዕግስት ከሳቋ ብዛት እንባዋ ወረደ። ካምሉፕስ ደርሰን እራት ወደዚያችው ምግብ ቤት ሄድን፤ ዩክሬናዊቷ ተራዋ አልነበረም። ያንኑ የጾም ድንች በላንና ተኛን።

ጳጉሜ አምስት

ሮጀርስ ፓስ ላይ ጥሩምባዬን ነፋሁ፣ የተሰጠንን አንድ ሰዓትም መለስን። ከጎልደን በኋላ ትዕግስት እንቅልፍ ስለጣላት ከሊያ ጋር ልተኛ ብላ ወደ ኋላ ሄደች። አማቴ ከነጀሪካናቸው ወደ ፊት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ተራራው አልቆ ሜዳው ሲዘረጋ ጠሩኝ።

"ኤልያስ።"

"አቤት፣ እማማ።"

"ስለቴ ልጅቱን ማጠብ አልነበረም። እሱንማ እኔም እችላለሁ።"

"ታዲያ ምን ነበር?"

"ትዕግስት ጠበሉን ደፋው ብላ ስትነግረኝ ልረግምህ ተነሳሁ። አፌን ከፍቼ ልጅቱ ትዝ አለችኝ። የታመመ ልጅ አባት አይረገምም። ለሩፋኤል ነገርኩት። አድናት፣ ያ የደፋው እጅ ራሱ መጥቶ ዝናብህን ያፈስላታል አልኩት።" ጀሪካኗን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። "አንተን እንዴት እንደማመጣህ አላውቅም ነበር። ራስህ ነድተህ አመጣኸኝ።"

ፊቴን ወደ እሳቸው ማዞር አልቻልኩም። አምስት ዓመት ያነቀኝ ነገር ያን ጊዜ ወጣ።

"እማማ፣ ዶክተሩ አልከለከለም። አልጠየቅሁትም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ማንም። ዶክተር የከለከለው ሰው አምስት ዓመት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ አይዞርም።"

የካልጋሪ ፎቆች ከሩቅ ብቅ አሉ። ዓይኔ እንባ ስለሞላ ሁለት ሁለት ሆነው ታዩኝ፤ እግሬም ሳላውቀው ነዳጁን ሳይረግጥ አልቀረም። አማቴ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

"ቀስ ብለህ ንዳ።"

ሊያ ከኋላ በእንቅልፍ ልቧ፣ እንደ ልማዷ፣ "ዳድ፣ እማማ ስሎው ዳውን እያለች..." ብላ ጀመረች።

"ሰምቻለሁ፣ ሊያዬ" አልኳት። "ሰምቻቸዋለሁ።"